አደራ ተቀባዩ ደመና

ሰው ከደመና ጋር ይጣላል ወይ? ይጣላል፤ እኔ ተጣልቻለሁ። ያውም ከአንድ ፍሬ ደመና ጋር፣ ያውም በኅዳር፣ ሰማዩ ላይ አንዲት እድፍ በማይገኝበት ወር፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ላይ። ስነግራችሁ ብትስቁ አልቀየምም። እኔም ከሰው ጋር ስሆን እስቃለሁ። ቀትር ላይ ብቻዬን ግቢው መካከል ስቆም ግን ሳቄ ይጠፋል፤ ለምን እንደሚጠፋ አሁን ትሰማላችሁ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ከጣርማ በር ማዶ። እኛ አገር ደመና በበር ገብቶ በመስኮት ይወጣል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ቢበዛ "በሩን ዝጉት" ይባላል። ዕጣዬ ሆኖ ዋሻውን አልፌ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ ሮቢት ስገባ ሙቀቱ ከመኪናው ደረጃ ላይ በጥፊ ተቀበለኝ። ይባስ ብሎ የተመደብኩት አፀደ ሕፃናት ነው። ወንድ ልጅ አፀደ ሕፃናት ሲያስተምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስረክቡኝ ሲመጡ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ክፍሉን ይቃኛሉ። "መምህሯ አልገባችም እንዴ?" ይሉኛል። "እኔ ነኝ" ስላቸው የልጁን እጅ መልሰው ጠበቅ ያደርጉታል።

የዚያ ሳምንት ትምህርት ደመና ነበር። መጽሐፉ ብልህ ነው፤ ሁሉንም ዓይነት ደመና በሕፃናት ጭንቅላት ላይ አይከምርም። አንዱን፣ የተለመደውን፣ ክምር ደመና የሚባለውን እንዲለዩ አድርግ ይላል። ታውቁታላችሁ፤ ሥሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ፣ አናቱ እንደ አበባ ጎመን የተከማቸ፣ በጠራ ሰማይ ላይ ለብቻው የሚንሳፈፈው ነጩ። ልጅ ደመና ሣል ሲባል የሚሥለው እሱን ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው። ችግሩ፣ በኅዳር ሮቢት ላይ የሚታይ ደመና የለም።

እኔ መቼም ብልሃት አያልቅብኝም። በሰማያዊ ካርቶን ላይ ጥጥ በሙጫ ለጥፌ፣ "ልጆች፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ጥጥ!" አሉ ባንድ ድምፅ።

"ደመና ነው እንበል።"

"ጥጥ ነው!"

ዮሴፍ የሚባል፣ እናቱ መንገድ ዳር ካለው ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ ልጅ አለኝ። ተነሥቶ መጥቶ ጥጡን በጣቱ ነካ አደረገና፣ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ መርፌ ሲወጉን የሚያሹን ነው" አለ። መርፌ የምትለዋ ቃል ስትወጣ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ጎረቤቷ ተከተላት፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ለምን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ አለቀሰ። ዮሴፍ ራሱ አለቀሰ። እኔም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ፣ ለቅሶውን ለማስረሳት ብዬ ወደ ሜዳ አወጣኋቸው። ርዕሰ መምህሯ ከቢሯቸው በር ላይ ሆነው፣ "ምነው መምህር፣ በቀትር ሕፃን ሜዳ ላይ አይቆምም፤ የቆላ ቀትር ባለቤት አለው" አሉኝ። እኔ የተማርኩ ሰው! "ሳይንስ ነው፣ ዳይሬክተር" አልኳቸው። ልጆቹን ክብ አስቆምኩና፣ "እስቲ ክምር ደመናን እንጥራው! ክምር ደመና፣ ና!" አልኩ። ልጆች መጮህ የሚፈቅድላቸው ሰው ሲያገኙ ታውቋቸዋላችሁ። "ክምር ደመና፣ ና! ና! ና!" ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

መጣ።

ከየት እንደመጣ አላየሁም። ከተራራው በኩል አልመጣም፤ ከአፋር በኩልም አልመጣም። ቀና ስል አለ። ልክ ከራሳችን በላይ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ክምር፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ራሱ። ጥላው ግቢያችን ላይ ወደቀ። ያ ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫው የሜዳው ነፍሳት ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ቆላ ከመጣሁ ወዲህ በቀን ሲበርደኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ልታምኑኝም ላታምኑኝም ትችላላችሁ፣ እኔ ግን የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ነው። ትምህርቴ ሰመረ አልኩ። ሞኝ ሰው ሲደነግጥ እንኳ ይዘገያል።

"ሥሩ ምን ይመስላል?"

"ጠፍጣፋ!"

"አናቱስ?"

"ክምር!"

እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ኢክራም የምትባል፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ፣ "ቲቸር፣ ከዚህ የት ነው የሚሄደው?" አለችኝ። አላውቅም ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ነኝ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ እንኳ ሳላይ፣ "በአፋር አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ዐረብ አገር ይገባል" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጆቹ ባንዴ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ማታ ቤቴ ሆኜ ስም ስቆጥር ነው፤ ከክፍሌ እናቱ፣ እኅቱ ወይም አክስቱ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ልጅ ከዮሴፍ በቀር ለማግኘት ይቸግር ነበር።

እናንተ የኛን ቆላ ካላወቃችሁት፣ እዚህ አንዲት ሴት ባሕር ልትሻገር ስትነሣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዋዜማውን ቤቱ በሰው ይሞላል። አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ቡና በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። ያልያዘ ቃል ይዞ ይመጣል፤ "እገሊትን ካገኘሻት እንዲህ በያት።" ተጓዧም የሁሉንም አደራ ሳትቀበል ንቅንቅ አትልም፤ መኪና ቢያመልጣት ያምልጣት። የአንድ ሰው አደራ ጥሎ የሄደ መንገደኛ መንገዱ አይቀናውም ይባላል።

በማግሥቱ ልጆቹ ፌስታል ይዘው መጡ። እኔ ምሳ ነው ብዬ ነበር። ቀትር ሲሆን ሳላዛቸው ተነሥተው፣ ወንበር እንኳ ሳያንኳኩ፣ ተሰልፈው ወጡ። እነዚህ እኮ ውኃ ለመጠጣት ሲሰለፉ የሚነካከሱ ልጆች ናቸው! ተከትያቸው ስወጣ ደመናው ትናንት የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ፌስታሎቹን ከጥላው መካከል ደረደሩ፤ በርበሬ፣ ቆሎ፣ አንድ ፍሬ ብርቱካን፣ አንድ እግር ካልሲ። ከዚያ ተራ በተራ ወደ ላይ እያዩ ማንሾካሾክ ያዙ።

"እማዬን ጥርሴ ወለቀ በላት" አለች ኢክራም።

"እናቴን፣ ቴሌቪዥኑን አትግዢ፣ አንቺ ነይ በላት" አለ ሌላው።

ዮሴፍ ማንም ስለሌለው፣ "ለዐረቡ ንጉሥ ሰላም በልልኝ" አለ።

ይሄ ሁሉ ያሥቃል። የማያሥቀው ተናግረው ሲጨርሱ የሚያደርጉት ነበር። እያንዳንዳቸው ጥቂት ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ትልቅ ሰው እንደመከረው ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። "ምን ሰምታችሁ ነው?" አልኳቸው። "እሺ አለ" አሉኝ፣ እንደ ተራ ነገር። የሠፈሩ ውሻ ከጥላው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ ወደ ውስጥ እግሩን አያስገባም። ኳስ ወደ ጥላው ወርውሬ ልፈትነው ሞከርኩ። ኳሱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ተነሥቶ ሄደ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። የኛም እንግዳ መዳብ ሆነ። በየቀኑ ቀትር ይመጣል፣ ማታ ድረስ አይነቃነቅም፣ ጠርዙም ወደ ታች ዝቅ እያለ፣ ሥሩም እየጠቆረ ሄደ። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ክፍተት በኩል መንሽ ይዘው ገቡብኝ። እትዬ ዘይነባ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተያይዞ ማሳ ያላቸው፣ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚያርሱ ሴት ናቸው። የክፍሌ ልጅ የሐያት አክስት ናቸው፤ የሚያሳድጓትም እሳቸው ናቸው።

"መምህር! ደመናህን አንሣልኝ!" አሉ።

"እትዬ፣ የኔ አይደለም እኮ።"

"ያንተ ካልሆነ የማን ነው? 'ና ና' እያስባልክ ስትጠራው አገሩ ሁሉ ሰምቷል! የሕፃን ዱዓ መሬት እንደማይወድቅ እናትህ አልነገረችህም? ወላሂ፣ ናና እየው!" ብለው እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

ጥላው ከግቢያችን አልፎ አውድማቸውን እስከ ዳርቻው ሸፍኖታል። ከዚያ አንድ ክንድ እንኳ አላለፈም፤ የጎረቤቱ አውድማ በፀሐይ ያበራል። የእትዬ ዘይነባ ማሾ ብቻ ጨለማ ውስጥ ተኝቷል።

"ገና ርጥብ ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል። ከምሬ ባስገባው ይሞቅና ይበሰብሳል። ጠብ ካለ ደግሞ እዚያው አውድማው ላይ ይበቅላል። ያለችኝ እቺ ናት፣ መምህር። ዓመቱን እኔና ይቺ ልጅ ምን እንብላ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ። ልጆቹን ሰብስቤ የሰጠሁትን ትምህርት መልሼ ልነጥቃቸው ሞከርኩ። "ልጆች፣ እስካሁን ያልኳችሁ ቀልድ ነው። ክምር ደመና የሚባል ነገር የለም" አልኩ። በኀዘኔታ አዩኝ። ኢክራም ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ፣ "ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ክምር" አለችኝ። ስትገባ ቀና ብላ አላየችም፤ ግን እዚያ እንዳለ ታውቃለች። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ የገባቸው ትምህርት የለም፣ ልጥፋ! ወጥቼ ያን ጥጥ የለጠፍኩበትን ካርቶን እያርገበገብኩ "ሂድ! እሽ!" አልኩት። ዶሮ ይመስል! ርዕሰ መምህሯ በመስኮት እያዩኝ አማተቡ።

ወሬው ከተማ ገባ። መጀመሪያ የመጣው ሰይድ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የሚያመላልሰው የባጃጅ ሾፌር። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ "መምህር፣ ለትልቅ ሰው ይቻላል? እኅቴ ጂዳ ናት" አለኝ። ልቆጣው ስል ኢክራም፣ "ከኋላችን ተሰለፍ" አለችው። ተሰለፈ! ከሰይድ ኋላ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከሷ ኋላ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ከሳቸው ኋላ ርዕሰ መምህሯ ራሳቸው። "እርስዎም?" አልኳቸው። "የአክስቴ ልጅ አለች" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሳይንስ ያልኳቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል፤ ደግነታቸው አልጠቀሱብኝም። ያ ሁሉ አዋቂ ከዚያ ቀዝቃዛ ጥላ ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ለሌላ የማይነግረውን ሲያንሾካሹክ ማየት እንዴት ያስፈራ ነበር! አንዳቸውም አይስቁም። ሲጨርሱ ሁሉም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

እትዬ ዘይነባ ይሄን ሲያዩ ወገባቸውን ይዘው ቆዩና፣ "ያ አላህ! ነገሩ ገባኝ" አሉ። "ይሄን ደመና ሌላ አይደለም የያዘው፤ አደራ ነው የያዘው። ተቀብሎ አልጨረሰም። ማን ቀረ? ልጆች፣ ማን ነው ያልተናገረ?"

ልጆቹ ሳይጠያየቁ ወደ አንድ ጥግ ዞሩ። ሐያት ግድግዳውን ተደግፋ በጫማዋ አፈር ትጭራለች።

ሐያት ዝምተኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ ስሟን ስጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ "አቤት" አትልም። ብስኩት ይዤ ሄድኩ፤ ብስኩቱን ወሰደች፣ አልተናገረችም። ተንበረከኩ። "ሐያትዬ፣ ለእናትሽ አንዲት ነገር በይልኝ። ሰላም በያት በቃ።" ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ። ሰይድ በባጃጅ ላዙርሽ አላት፤ እምቢ። በዚህ መካከል አፍንጫዬ ላይ ጠብ አለ። ቀዝቃዛ፣ ወፍራም ጠብታ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፣ አፍንጫዬ ያዘነበው ይመስል።

እትዬ ዘይነባ ወደ ጎን ሳቡኝ። "አትጩህባት" አሉኝ። እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። "ታናሽ እኅቴ ስትሄድ ይቺ ገና ድኽ አላለችም። መልኳን አታውቀውም። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ቆይቶ ስልኳ ጠፋ። ሞታም እንደሆን፣ ታስራም እንደሆን አላህ ነው የሚያውቅ። ማንን እንድትጠራ ትወዳለህ?" ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። "እኔን 'እማዬ' ልትለኝ ስትል ከልክያታለሁ። እናቷ መጥታ ብትሰማ ሆዷ አይከፋም? አክስቴ በይኝ አልኳት። አክስቴ ነው የምትለኝ።"

ሌላ ጠብታ ወረደ። እትዬ ዘይነባ "ማሾዬን!" ብለው በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ወደ አውድማቸው ሮጡ። ሸራ እየጎተቱ ሲታገሉ በአጥሩ በኩል ይታዩኝ ነበር። ሸራው ደግሞ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሰይድ ሊያግዛቸው ሲነሣ፣ ሐያት ከግድግዳው ተላቀቀች።

ማንም አላዘዛትም። ከፌስታሎቹ መካከል ገብታ ቆመች። ቀና አለች። ድምፅዋን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ወፍራም ነው፣ የትልቅ ሰው።

"እኔ እናቴን አላውቃትም" አለችው። "ያገኘሃትን ሴት ሁሉ፣ የሐያት እናት ነሽ ወይ በላት። ያለቀሰችው እሷ ናት።"

ጥቂት አዳመጠች። ራሷን ነቅነቅ አደረገች።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ። ጠብታው ቆመ። ጥላው ከአውድማው ላይ ተጠቀለለ፤ ከግቢውም ተሰበሰበ፤ ተሰብስቦ ተሰብስቦ የአንዲት መስገጃ ያህል ሆነ። ፀሐዩ ያን ሁሉ ማሾ ባንዴ አለበሰው። እኛ ግን ወደ ማሾው አላየንም፤ ጥላዋን ነበር የምናየው። መሄድ ጀመረች። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ጥላዋ ግን መሬት ለመሬት ትሄዳለች። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ዋጠች። አለፈቻት። ርዕሰ መምህሯ ላይ ቆመች፤ "በስመ አብ!" አሉ፣ አለፈቻቸው። በሰይድ አጠገብ ሳትቆም አለፈች። በአጥሩ ሥር ሾልካ ወደ አውድማው ወጣች፣ ሐያትም በዓይኗ እየተከተለቻት ወደ አጥሩ ተጠጋች።

እትዬ ዘይነባ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሸራውን እያጠፉ ነበር። የሆነውን አላዩም፤ ልጅቷ ያለችውን አልሰሙም፤ ርቀዋል። ጥላዋ ከበላያቸው ደርሳ ቆመች። እሳቸውም አጎንብሰው ባሉበት ቀሩ። ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ማንም ያላናገራቸው ሴት፣ አንድ ሰው በጆሮአቸው የጠየቃቸው ይመስል ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ሸራው ከእጃቸው ወደቀና ማሾው መካከል ቁጭ ብለው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አለቀሱ።

ቀና አልኩ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም።

"ቲቸር፣ አገኛት" አለችኝ ሐያት፣ ስትሮጥ። በአጥሩ ክፍተት ሾልካ፣ ያን የተሰጣ ማሾ እየረገጠች፣ "እማዬ!" እያለች ሮጠች። እትዬ ዘይነባም ያን ቀን አልከለከሏትም።